ዲላ ማደር፣ ቱቱ ፈላ መዋል

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አልጋ ነው። ርካሽ አልጋ ስለ መፈለግ፣ ተራራ ላይ ስለ ቆሙ ድንጋዮች፣ ደግሞም አንዲት ጡረታ የወጣች መምህርት የጡረታ ብሯን ይዛ አገር ለማየት ስላወጣችው እቅድ። መምህርቷ ታላቅ እህቴ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። ዕድሜዋን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምራለች። ዓለምን በካርታ ላይ በዘንግ ስታሳይ ኖራ፣ በእግሯ የረገጠችው ግን ጥቂቱን ነው።

እትዬ ሮም የምትኖር ልጅ አለቻት። ልጅቷ እናቷን ልትጋብዝ አሰበችና ኦርቪየቶ የምትባለውን ከተማ መረጠች። ኦርቪየቶ ዙሪያው ገደል በሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አናት ላይ ጉብ ያለች ጥንታዊ ከተማ ናት፤ የካቴድራሏ ግንባታ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1290 ነው። ከሮም በባቡር ይደረስባታል፤ ጣቢያው ግን ከገደሉ ሥር ነው። ከዚያ ወደ ላይ የሚወጣው በገመድ በሚጎተት ባቡር ነው። ልጅቷ ሆቴል ስታፈላልግ ላይኛው ከተማ ውስጥ ያገኘችው አልጋ ከአቅሟ በላይ ሆነባት፤ ስለዚህ እንዲህ ስትል ጻፈችላት፦ «እማዬ፣ ታች ባቡር ጣቢያው ሰፈር እናድርና ጠዋት ጠዋት እንውጣ።» እንግዳ የሚያሳድሩ ገዳማት እንዳሉ፣ ማታ በር የሚዘጉበት ሰዓት ግን እንዳላቸው ነገረቻት። ብዙ የጣሊያን ከተሞች በሰውና በሌሊት የሚቆጠር የእንግዳ ግብር ስላላቸው፣ የአልጋው ዋጋ ግብሩን ይጨምር እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ እንደሚያስፈልግም አሳሰበቻት። እትዬ ይህን ሁሉ በደብተሯ አሰፈረች፤ ለሆቴል ሰው የሚቀርቡ ጥያቄዎችን በተርታ ጻፈች። መምህር አይደለች?

ቪዛው ግን ሳይመጣ ቀረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ደብተሩን ይዘጋው ነበር። እትዬ ጥቂት ቀን ዝም አለችና አንድ እሁድ ቤቴ መጥታ ቡናው ገና ሳይፈላ፣ «አንተ፣ እቅዱን አናባክነው። ታች ማደር፣ ላይ መዋል አይደል የተባለው? ጌዴኦ እንሂድ» አለችኝ። እኔም ጌዴኦ ለምን እንደመጣባት ወዲያው ገባኝ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተደረገው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ጉባኤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጋር በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር ዜናውን አብረን ነበር የሰማነው። ላሊበላ ከተመዘገበ 45 ዓመት፣ አክሱምና ጢያ ከተመዘገቡ 43 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። «እኔ ስለ እንሰትና ስለ ቡና ስንት ልጅ አስተማርኩ፤ አገሩን ግን አላየሁትም» ብላ ነበር ያን ቀን።

እንግዲህ የደብተሩ ጥያቄ ከኦርቪየቶ ወደ ጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ወደ ዲላ ዞረ። ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከሐዋሳ ደግሞ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ናት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ ከምሥራቅ በኩል ጋራው ከፍ እያለ ወደ ቡሌ ይወጣል። የድንጋይ ሐውልቶቹ፣ የሽማግሌዎች መሰብሰቢያ የሆኑት ሶንጎዎች፣ የተከበሩት ጫካዎች ጋራው ላይና ሸንተረሩ ላይ ናቸው፤ አልጋው ታች ዲላ ነው። ልክ ሮም እንዳለችው ልጇ እቅድ።

መጀመሪያ የተነጋገርነው ስለ ወሩ ነው። በዚህ ላይ እትዬ ከማንም አስጎብኚ ትበልጣለች። ጌዴኦ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው፤ በልጉም ይዘንባል፣ ክረምቱም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በዝናብ ወደ ሐውልቶቹ የሚወስደው የገጠር መንገድ ጭቃ ይሆናል፤ ባጃጅ ይቅርና እግርም ይንሸራተታል። ደረቁ ጊዜ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ነው። ነገር ግን ኅዳርና ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ነው። ይርጋጨፌ ቡና ከዚሁ ዞን የሚወጣ ቡና ነውና፣ በለቀማው ወራት ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ገዢው፣ መዛኙ ሁሉ ዲላና ይርጋጨፌ ላይ አልጋ ይይዛል። ጥር ላይ ደግሞ ደራሮ አለ፤ ጌዴኦ ለማጌኖ፣ ለፈጣሪው ማለት ነው፣ ምስጋና የሚያቀርብበትና አዲስ ዓመቱን የሚቀበልበት በዓል ነው። በዓሉን ማየት ለሚፈልግ ይህ ነው ወሩ፤ አልጋውን ግን ቀደም ብሎ መያዝ አለበት። ሰኔና ሐምሌ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ምረቃ ነው፤ የተመራቂ ቤተሰብ ከየአገሩ ሲመጣ ክፍል እንዲሁ ይታጣል። እትዬ ይህን ሁሉ አሰላችና የካቲትን መረጠች። የካቲት ላይ ለቀማው አልቆ ሰው ቀንሷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ዕድል ከቀናም የመጀመሪያው ካፊያ ከወረደ ቡናው ያብባል። የቡና አበባ ያላሸተተ ሰው ቡና አውቃለሁ ሊል አይገባውም፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

ጉዞውን አላረዝመውም። ከቃሊቲ መናኸሪያ በማለዳ ተነሥተን፣ ሻሸመኔንና ሐዋሳን አልፈን፣ አፖስቶ ላይ ይርጋለምን በጎን ትተን፣ በጩኮ አድርገን ዲላ ገባን። የቸኮለና ገንዘብ ያለው እስከ ሐዋሳ በአውሮፕላን ሄዶ ቀሪውን በመኪና ይጨርሳል። እኛ ግን ስምጥ ሸለቆውን በመስኮት ማየት ነበረብን፤ ጂኦግራፊ መምህርት አጠገባችሁ ተቀምጣ ሐይቁን ሁሉ በስሙ ስትጠራ መስማት ራሱ ጉዞ ነው።

አሁን አልጋው ላይ ደረስን፤ እዚህ ላይ ረጋ ልበል።

ከአዲስ አበባ ሳንነሣ ስልክ ደውለን አንድ አስፋልት ዳር ያለ ሆቴል ይዘን ነበር። ፎቁ ያምራል፣ መግቢያው ይብረቀረቃል። እትዬ ግን ገንዘብ ከመክፈሏ በፊት «ክፍሉን ልየው» አለች። ይህ የደብተሯ የመጀመሪያ መስመር ነው፤ ሳታዩ አትክፈሉ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ መስኮቱ ግን በቀጥታ ወደ ጎዳናው ይከፈታል፤ ምድር ቤቱ ደግሞ ማታ ማታ ሙዚቃ የሚለቀቅበት ቤት ነው። ወደ ሞያሌ የሚወርደው የጭነት መኪና ሌሊቱን ሙሉ ማርሽ ሲቀይር ታስቡታላችሁ? እትዬ እንግዳ ተቀባዩን አመስግና፣ «ልጄ፣ ክፍላችሁ መልካም ነው፤ እኔ ግን ለእንቅልፍ ነው የመጣሁት» ብላ ወጣች።

ከዚያ በባጃጅ ወደ ውስጥ ለውስጥ ሰፈር ገባን። አንድ ፔንሲዮን አገኘን፤ ግቢው ሰፋ ያለ፣ ጣሪያው ላይ ትልቅ የውሃ ታንከር የተሰቀለበት። በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣ ወጣት ተነሥታ «እናቴ ይግቡ፣ አልጋ አለ» አለች። እትዬ መነጽሯን አድርጋ ደብተሯን ገለጠች። ውሃ በየትኛው ቀን ይመጣል? በማይመጣበት ቀን ታንከሩ ይበቃል? ሻወሩ ሙቅ ነው ወይስ በባልዲ ይሞቅላችኋል? መብራት ሲጠፋ ምን አላችሁ? ሻወርና ሽንት ቤቱ የግል ነው የጋራ? የጋራ ከሆነ ስንት ክፍል ይጠቀምበታል? ማታ በር ስንት ሰዓት ይዘጋል? ጠዋት 12 ሰዓት ለመውጣት ማን ይከፍትልናል? ዋጋው 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨምራል? በቴሌብር መክፈል ይቻላል? ልጅቷ አንዱንም ሳትሰለች መለሰች። ውሃ በፈረቃ እንደሆነ አልደበቀችም፤ ጀነሬተር እንደሌላቸውም ነገረችን። እኔ ስለዚያች ልጅ ደጋግሜ አስባለሁ። ሆቴል ማለት ያ ነው፤ ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም የሚል ሰው ያለበት ቤት። አንሶላው ተቀይሮ አየነው፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። ዋጋው አስፋልት ዳር ከነበረው ከግማሽ በታች ነበር።

«የተረፈው ብር ለኔ አይደለም» አለችኝ እትዬ፣ ማታ ቆጯችንን በአይብና በጎመን እየበላን። «የተረፈው ላይ ላሉት ነው።»

የታሪኩ ፍሬ ይህ ነውና አድምጡኝ። አብዛኛው ጎብኚ የሚያወጣው ገንዘብ ከተማ ውስጥ ፎቅ ላይ ይቀራል። መኪና ተከራይቶ ከሐዋሳ ይመጣል፣ ድንጋዩን በስልኩ ያነሣል፣ በዚያው ቀን ይመለሳል። ቅርሱን በመሬቱ ላይ የጠበቀው ገበሬ፣ መንገድ የሚመራው ወጣት፣ ቡና አፍልታ የምትጠብቀው እናት ከዚያ ጉብኝት የሚያገኙት እጅግ ጥቂት ነው። ርካሽ አልጋ መፈለግ ስስት የሚሆነው የተረፈውን ኪስ ውስጥ ሲያስገቡት ነው። እትዬ ገንዘቧን ስታከፋፍል ለአልጋው ትንሹን፣ ለአስጎብኚና ለገጠሩ ትልቁን መደበች።

በማግስቱ መጀመሪያ የሄድነው ወደ ዞኑ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ነው። ይህን ለማንም እመክራለሁ። ገጠሩ ውስጥ ያሉ ሥፍራዎች ጠባቂና ሽማግሌ አሏቸው፤ ሳያስፈቅዱ መግባት ነውር ነው። እዚያ ካገናኙን ሰዎች አንዱ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የተማረ ወጣት ነበር። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1996 የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ ነው የጀመረው፤ ዛሬ የአካባቢውን ቅርስ የሚያጠኑ ሰዎች መፍለቂያ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ምሁራን አንዱ የሆኑት ታደሰ ኪጴ የጌዴኦን የመሬት አጠቃቀም አጥንተው በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ርእሱ የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነትን በጥያቄ የሚያነሣ ነው።

ወጣቱ ወደ ወናጎ አቅጣጫ ወሰደንና ከአስፋልቱ ወጥተን ሽቅብ ያዝን። መንገዱ በጓሮ መካከል ነው የሚሄደው። ወይም ጓሮው ጫካ ነው ልበላችሁ። ከላይ ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ሾላው ጥላ ዘርግቷል፤ ከሥሩ እንሰቱ ቅጠሉን ዘርግቷል፤ ከእንሰቱ ሥር ቡናው ቆሟል፤ መሬቱ ላይ ደግሞ ጎመኑና ሌላው ተክል። አንዱ ሌላውን ሳይጫን ሁሉም በየደረጃው ብርሃን ይካፈላል። ተራራው እጅግ ቀጥ ያለ ነው፤ ሰዉም ብዙ ነው፤ በኢትዮጵያ ገጠር እንዲህ ሰው የበዛበት አካባቢ ጥቂት ነው። ሆኖም አፈሩ አልተሸረሸረም። እትዬ ቆመችና «ስለ አፈር መሸርሸር ሳስተምር ሁልጊዜ መጥፎውን ምሳሌ ነበር የማሳየው፤ ጥሩው ምሳሌ ይኸውና» አለች። ዩኔስኮ የመዘገበው ድንጋዩን ብቻ አይደለም። የመዘገበው ይህን ኑሮ ነው፤ እንሰት ቆፍሮ፣ ዛፍ ጠብቆ፣ የተከበረውን ጫካ በሽማግሌ አስጠብቆ ከነልጅ ልጁ የሚኖረውን ሕዝብ።

ቱቱ ፈላ የሚባለው የሐውልት ሥፍራ ደረስን። ወዳጆቼ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? በእንሰትና በቡና መካከል ከፍ ያለች የድንጋይ ክምር አለች፤ በላይዋ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ድንጋዮች ተጠጋግተው ቆመዋል። አንዳንዱ ፊት አለው፤ ዓይን፣ አፍንጫ፣ አፍ። አንዳንዱ ደረቱ ላይ እንደ ጎድን አጥንት የተቀረጹ መስመሮች አሉት። ሥፍራው መቃብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የፈረንሳዩ አርኪዮሎጂስት ሮዤ ዡሶም ቆፍሮ አጥንቶታል፤ ሰው የሚመስሉት አንዳንድ ድንጋዮች ቀድሞ የወንድ ብልት ቅርጽ ከነበራቸው ሐውልቶች እንደገና የተቀረጹ መሆናቸውን አሳይቷል። አንዱ ትውልድ ያቆመውን ሌላው ትውልድ ፊት ሰጠው ማለት ነው። ከእሱ 70 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ደግሞ አባ አዛይስ የሚባሉ የካፑቺን መነኩሴ የደቡቡን አገር እየዞሩ ሐውልቶቹን ለአውሮፓ ምሁራን አስተዋውቀዋል። ከእነሱ ሁሉ በፊት ግን የአገሩ ሰው ያውቃቸው ነበር፤ እያረሰ ያልፋቸዋል፣ አይነቅላቸውም፣ ያከብራቸዋል።

ጨልባ ቱቱቲ የሚባለው ሥፍራ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ከአንድ ሺህ በላይ ድንጋዮች አሉ፤ ረዘም ያሉ፣ እንደ ምሰሶ ድቡልቡል የሆኑ፣ አብዛኞቹ ወድቀው የተጋደሙ። በዚህ አካባቢ እስከ 6 ሜትር የሚረዝም ሐውልት አለ። ያ ሁሉ ድንጋይ ተፈልፍሎ፣ ያ ሁሉ ተራራ ላይ ተጎትቶ! ወጣቱ ሳካሮ ሶዶ ስለሚባል ሌላ ሥፍራም ነገረን። የቀድሞው የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አሸናፊ ዜናና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ የሳካሮ ሶዶ ሐውልቶች በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የቆሙ መሆናቸውን ገልጸዋል። ከዚያ በፊት ይታሰብ ከነበረው በአንድ ሺህ ዓመት የቀደመ ነው። በሥፍራው የተገኘው የኦብሲዲያን ስባሪ ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሰሜን ኬንያ የመጣ ነው። እትዬ ይህን ስትሰማ መሬት ላይ ተቀመጠች። አክሱም ገና ስሟ ሲነሣ እዚህም ሰው ድንጋይ ያቆም፣ ከሩቅ አገርም ይገበያይ እንደነበር በማስተማሪያ መጽሐፏ ውስጥ አልነበረማ።

አንድ እናት ከቤታቸው ወጥተው «እማማ፣ ፀሐይ ላይ አይቀመጡ፣ ይግቡ» አሏት። ገባን። ቡና ተፈላ፤ ከጓሮ የተለቀመ፣ እዚያው የተቆላ፣ እዚያው የተወቀጠ። እትዬ ስትወጣ ከቦርሳዋ የአልጋውን ትርፍ በእጃቸው አስጨበጠቻቸው። አልፈልግም አሉ፤ ለልጆች ደብተር ነው አለች፤ ተቀበሉ። ወጣቱንም ከተስማማነው በላይ ከፈለችው። በልመና የሚዘረጋ እጅ አላየንም፤ ሥራና እንግዳ ተቀባይነት ነው ያየነው።

ማታ ዲላ ተመልሰን ስንጨዋወት የፔንሲዮኑ ባለቤት ስለ 2010 ዓ.ም. አነሡ። በዚያ ዓመት ሚያዝያና ሰኔ ላይ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሎ ነበር፤ ዲላ፣ ይርጋጨፌና ገደብ በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን፣ ሥራው ባላለቀ ሕንፃ ሁሉ ሰው አስጠለሉ። ሴትዮዋ «ያኔ አልጋ አልሸጥንም» አሉ፣ በዚያው ዝም አሉ። ይህን የምነግራችሁ ልባችሁን ለማሳዘን አይደለም። እንግዳ ስትሆኑ ያሳደረቻችሁ ከተማ ማን እንደሆነች እንድታውቁ ነው። አንድ ቅርስ ሲጎበኝ ሰዉ ያለፈበት አብሮ ካልታወቀ ጉብኝቱ ጎደሎ ነው፤ ይህ የኔ ፍርድ ነው።

ለመሰንበት ደግሞ ምክንያቱ ብዙ ነው። በዲላ አካባቢ ገደል ድንጋይ ላይ ጥንት የተቀረጹ ከብቶች አሉ፤ ቀንዳቸው ረጅም፣ አንዱ ከሌላው ኋላ የተደረደሩ። ይርጋጨፌ አለ፤ የታጠበ ቡና የሚዘጋጅበትን ጣቢያ ማየት ለፈለገ በለቀማው ወራት ይሂድ። ቡሌ አለ፤ ሽቅብ በተወጣ ቁጥር ቡናው እየቀነሰ እንሰቱና ገብሱ ይበረታል፤ ማታ ጋቢ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን የሚያይ የለም። ለዚህ ነው የአልጋው ነገር ትልቅ የሆነው። አልጋው ውድ ከሆነ ሰው አንድ ሌሊት አድሮ ይሮጣል፤ ርካሽና ንጹሕ ከሆነ ይሰነብታል፣ ይጠይቃል፣ ይገዛል፣ ይወዳጃል። የዲላ ባለ ፔንሲዮኖች ታንከራቸውን ይሙሉ፣ አንሶላቸውን ይቀይሩ፣ ዋጋቸውን በር ላይ ይለጥፉ፤ ከባለ አምስት ፎቁ ይልቅ ለዚህ ቅርስ የሚጠቅሙት እነሱ ናቸው።

እናንተም ወደ ቦረና፣ ወደ ሞያሌ፣ ወደ ያቤሎ የምታልፉ ወዳጆቼ፣ ዲላን ምሳ በልታችሁ የምትሻገሯት ከተማ አታድርጓት። ከመነሣታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ ጠይቁ፣ ደውላችሁ አልጋ ያዙ፣ ክፍሉን ሳታዩ አትክፈሉ፣ ከሁለት ሌሊት አታሳንሱ። ከአልጋው ያተረፋችሁትን ብር ይዛችሁ ወደ ጋራው ውጡና እዚያው ላሉት ከፍላችሁ ውረዱ።